ለትራፕ ጀማሪዎች፦ ከመሣሪያው ስም በፊት ሰደፉን ለኩ

በአዲስ አበባ ዙሪያ ያደገ ሰው ስለ ተኩስ መጀመሪያ የሚሰማው ከአባት ወይም ከአጎት ነው። «ልጄ፣ አንድ ዓይንህን ጨፍን፣ ትንፋሽህን ዋጥ አድርግ፣ ምላጩን ቀስ ብለህ ሳብ» ይባላል። ለምንሽርና ለውጅግራ ትክክለኛ ምክር ነው። ትራፕ ላይ ግን፣ ማለትም በማሽን የተወነጨፈ የሸክላ ዲስክ አየር ላይ እያለ በሚመታበት የተኩስ ስፖርት፣ ሦስቱም ሸክላውን ያሳልፉታል። እዚህ ሁለቱም ዓይኖች ይከፈታሉ፣ ዓይን የሚያርፈው ሸክላው ላይ እንጂ አፈሙዙ ላይ አይደለም፣ ምላጩም የሚሳበው አፈሙዙ እየሄደ ሳለ ነው። ጠብመንጃ የፊትና የኋላ ማነጣጠሪያ አለው። የትራፕ ሾትጋን፣ ደቃቅ እርሳሶችን ባንዴ የሚተፋው መሣሪያ፣ ያለው አፈሙዙ ጫፍ ላይ አንዲት ዶቃ፣ ቢበዛ መሐል ላይ ሌላ ትንሽ ዶቃ ነው። የኋላ ማነጣጠሪያው የተኳሹ ዓይን ራሱ ነው፤ ዓይኑን ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ የሚያስቀምጠው ደግሞ ሰደፉ። ሰደፉ ካልተስማማ መሣሪያው የቱንም ያህል ውድ ቢሆን እርሳሱ ዓይን ወዳየው አይሄድም። ጀማሪ አጠገቤ ሲቆም መጀመሪያ የማየው የመሣሪያውን ስም ሳይሆን ጉንጩ የት እንዳረፈ የሆነውም ለዚህ ነው።

የጨዋታውን መልክ ሳያውቁ መሣሪያ መምረጥ አይቻልም። በኦሊምፒክ ትራፕ 15 ወንጫፊ ማሽኖች ጉድጓድ ውስጥ ተደርድረዋል፤ ተኳሹ ከጉድጓዱ 15 ሜትር ወደ ኋላ ይቆማል። ሸክላው 11 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 105 ግራም ገደማ ክብደት ያለው ዲስክ ሲሆን 76 ሜትር እንዲሄድ ተደርጎ፣ ወደ ግራም ወደ ቀኝም እስከ 45 ዲግሪ ይወነጨፋል። አንድ ዙር 25 ሸክላ ነው፣ ለእያንዳንዱም ሁለት ጥይት ይፈቀዳል። የአሜሪካው ዓይነት ባለ አንድ ማሽን ነው፤ ሸክላው ዘገም ይላል፣ ጥይቱም አንድ ብቻ። ጀማሪ በዚህኛው ቢጀምር ይሻለዋል። በሁለቱም ሸክላው ከተኳሹ እየራቀና ሽቅብ እየወጣ ይሄዳል። የትራፕ መሣሪያ ከአደን መሣሪያ የሚለየው በሙሉ ከዚህ የተነሣ ነው።

ስለ ወረቀቱ ባጭሩ፦ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝ ያስጠይቃል፤ ስለዚህ ፈቃዱ ሳይያዝ ለመሣሪያ ቀብድ እንዳትከፍሉ። ቦታውም የተፈቀደ መሆን አለበት። 2.4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የትራፕ እርሳስ 200 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ በኛ ስስ አየር ደግሞ ከዚያም ይገፋል። ከፊት ለፊት ቢያንስ 300 ሜትር ሰው የማይገባበት መሬት ያስፈልጋል ማለት ነው። በሱሉልታም በሆለታም ሜዳው ጭር ያለ ይመስላል፤ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ እረኛ ከነከብቱ ከጉብታው ጀርባ ብቅ ይላል። በዘመድ ማሳ ላይ «እስቲ ትንሽ እንሞክር» የሚባል ነገር የለም።

አሁን ወደ መሣሪያው። ባለ 12 ጌጅ ያዙ፤ ጌጅ የአፈሙዝ ቀዳዳ ስፋት መለኪያ ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። ባለ 20 ጌጅ ቀለል ስለሚል ለጀማሪ የሚስማማ ይመስላል፤ ግን የሚጭነው እርሳስ ያነሰ ነው፣ መሣሪያው ራሱ በመቅለሉም ወደ ትከሻ የሚመጣው ግፊት የታሰበውን ያህል አይቀንስም። ግፊትን የሚቀንሰው የመሣሪያው ክብደትና የጥይቱ ልክነት ነው። 3.7 ኪሎ የሚመዝን የትራፕ መሣሪያ በ24 ግራም ጥይት ሲተኮስ ትከሻን ይገፋል። 2.9 ኪሎ የሆነ የአደን መሣሪያ በ32 ግራም ጥይት ሲተኮስ ግን የግፊቱ ጉልበት ከእጥፍ በላይ ነው፣ ትከሻን ይመታል። ጀማሪ የሚደነብረው በዚህኛው ነው። አንዴ ከደነበረ ደግሞ ምላጩን ከመሳቡ በፊት ዓይኑን መጨፈን ይለምዳል፤ ይህን ልማድ ማስተው መጀመሪያ ተኩስ ከማስተማር ይከብዳል። ለዓለም አቀፍ ውድድር የተፈቀደው የእርሳስ ክብደት 24 ግራም ብቻ ስለሆነ ከዚያ በላይ መፈለግ ትርፉ ድካም ነው።

የአፈሙዝ ርዝመት 76 ሴንቲ ሜትር ለአብዛኛው ሰው ይሆናል። ረጅሙ ቁመታም ሰው 81 ቢወስድ አይጎዳም፤ 66ና 71 ግን ለትራፕ ያጥራሉ፣ በእጅ ውስጥ ይፈጥናሉ፣ እንቅስቃሴያቸውም ቶሎ ይቆማል። ሁለት አፈሙዝ ላይና ታች የተደረደረበት፣ መሐሉ ላይ የሚታጠፍ ዓይነት ምረጡ። ምክንያቱ አንድም ደኅንነት ነው፦ ተገልብጦ ሲከፈት ባዶ መሆኑን መስመር ላይ ያለ ሰው ሁሉ ከሩቅ ያየዋል። አውቶማቲኩ ግፊቱ የለሰለሰ ቢሆንም ቀለሁን ወደ ጎረቤት ፊት ይወረውራል፣ ተከፍቶ መሆኑም በቀላሉ አይታይም። በእጅ እየተገፋ የሚቀባበለው ደግሞ በዓለም አቀፍ ደንብ ወደሚካሄድ ውድድር አያስገባም። ቤሬታም ሆነ ብራውኒንግ ጀማሪን የማያሳፍሩ የትራፕ ሞዴሎች አሏቸው፤ ውዱን ፔራዚን እግር እስኪተከል ማቆየት ይቻላል።

ከሰው እጅ የሚገዛ ከሆነ አምስት ደቂቃ ተጨማሪ ጊዜ ስጡት። በመጀመሪያ የጥይት ቤቱን ርዝመት አንብቡ። አፈሙዙ ሥር ላይ 12/70፣ ማለትም 12 ጌጅና 70 ሚሊ ሜትር፣ ተብሎ መቀረጽ አለበት። በየቤቱ ከጣሊያን ወረራ ዘመን ወዲህ የተቀመጡ አሮጌ ባለ ሁለት አፈሙዝ መሣሪያዎች 65 የሆኑ ይገኙባቸዋል። ባለ 70 ጥይት ሳይተኮስ አጭር ስለሆነ እነሱ ውስጥ ያለ ችግር ይገባል፤ ሲተኮስ ግን የተጣጠፈው አፉ የሚዘረጋበት ቦታ ያጣል፣ በጥይት ቤቱ ውስጥ ያለው የባሩድ ግፊትም ከመጠን በላይ ይወጣል። ብረታቸው እንደ እባብ ቆዳ ዝንጉርጉር የሆኑትን በዘመኑ ጥይት ፈጽሞ አትተኩሷቸው። ቀጥሎ አፈሙዙን ነቅላችሁ በጣት አንጠልጥሉና በእንጨት መታ አድርጉት። እንደ ደወል ካንቃጨለ ደህና ነው፤ ድፍን ያለ ድምፅ ካወጣ በላዩ ላይ የተዘረጋው ጠፍጣፋ ሐዲድ ከብየዳው ለቋል። ወደ ብርሃን አድርጋችሁ ውስጡን ስታዩ የብርሃን ቀለበቶቹ ተጣመው የሚታዩበት ቦታ የተረገጠ ጉድጓድ አለ። በመጨረሻም ከአፈሙዙ በታች ያለውን የእጅ እንጨት አውጡና መሣሪያውን ዘግታችሁ ወዝወዙት። ከተነቃነቀ ማጠፊያው አልቋል።

ሰደፍ ከመለካቱ በፊት የሚለካው ዓይን ነው። ሁለት እጆቻችሁን ወደ ፊት ዘርግታችሁ በአውራ ጣቶችና በመዳፎች መካከል ትንሽ ቀዳዳ ሥሩ። ሁለቱንም ዓይኖች ከፍታችሁ በቀዳዳው ሩቅ ያለ ነገር፣ የስልክ ምሰሶም ሆነ የቆርቆሮ ጫፍ፣ ተመልከቱ። አንድ ዓይን ጨፍኑ። ነገሩ ካልጠፋ የተከፈተው ዓይን ገዢ ነው። ቀኝ እጅ የሆነ ሰው ግራ ዓይኑ ገዢ ከሆነ አፈሙዙ ሁልጊዜ ወደ ግራ ይስታል። መፍትሔው ሁለት ነው፦ በግራ ትከሻ መማር፣ ወይም ሁለቱንም ዓይኖች ከፍቶ በመነጽሩ የግራ መስታወት ላይ ዶቃዋን በሚያይበት ቦታ ላይ የጥፍር ያህል ደብዛዛ ስኮች መለጠፍ። ገና ልማድ ላልያዘ ወጣት ትከሻውን መቀየር ይበልጣል። ለአዋቂ ስኮቹ ይበቃል።

ወደ ሰደፉ ስንመጣ ሥራው ቅደም ተከተል አለው፤ ርዝመቱ ሳይስተካከል የጉንጭ ማረፊያውን መንካት ድርብ ሥራ ነው፤ ምክንያቱም ርዝመት ሲቀየር ጉንጭ የሚያርፍበት ቦታም አብሮ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ይሄዳል። መሣሪያው ባዶ መሆኑን ሁለት ሰው ይይ። ጥይት ያለበት ሳጥን በዚያ ክፍል ውስጥ አይኑር።

ርዝመቱ የሚለካው ከምላጩ ፊት እስከ ትከሻ ላስቲኩ፣ ሰደፉ መጨረሻ ላይ እስካለው ላስቲክ፣ መሐል ነው። ፋብሪካዎች አብዛኛውን ጊዜ ከ36.5 እስከ 37 ሴንቲ ሜትር አድርገው ያወጡታል፤ ይህ ከ1.75 ሜትር በላይ ለሆነ ሰው የተሠራ ነው። ሰደፉን በክርን ጉርብጥ ላይ አድርጎ ጣት ምላጭ መድረሱን ማየት የተለመደ ነው፤ የክንድን ርዝመት ከመናገር በቀር ምንም አያሳይም፤ የአንገትን ርዝመትና የትከሻን ስፋት አያውቅም። መሣሪያውን እንደምትተኩሱ ሆናችሁ ያዙና ሌላ ሰው በአፍንጫችሁና በቀኝ አውራ ጣታችሁ አንጓ መካከል ያለውን ክፍተት ይለካ። ሁለት ወይም ሦስት ጣት ከሆነ ደህና ነው። ከዚያ ካነሰ ሰደፉ አጭር ነው፤ ጣታችሁ ሲተኮስ አፍንጫችሁን ያገኛል። አራት ጣት ከሆነ ረዝሟል፤ ስታነሡት ብብት ላይ ይሰካል።

ይህን ልኬት በየትኛው ልብስ ትወስዳላችሁ የሚለው እኛ ዘንድ ቁም ነገር ነው። በሐምሌ ጠዋት ሰንዳፋ ላይ ሹራብና ወፍራም ጃኬት ተደርቦ ይቆማል፣ በመጋቢት ደግሞ ሸሚዝ ብቻ። በሁለቱ መካከል ከ5 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ልዩነት ይኖራል፤ ያ ልዩነት ሰደፍን ከልክ ያወጣል። ብልሃቱ ለወፍራሙ ልብስ ቆርጦ ለበጋው በላስቲኩና በእንጨቱ መካከል የሚገባ ስስ ጠፍጣፋ ማዘጋጀት ነው።

የጉንጭ ማረፊያው ከፍታ ዋናው ልኬት ነው። ግድግዳ ፊት ለፊት ቁሙ፣ ዓይኖቻችሁን ጨፍኑ፣ መሣሪያውን መጀመሪያ ወደ ጉንጭ ቀጥሎ ወደ ትከሻ አንሡ። ጭንቅላት ወደ መሣሪያው አይወርድም፣ መሣሪያው ወደ ጭንቅላት ይመጣል። አሁን ዓይናችሁን ክፈቱ። የምታዩት የመክፈቻውን ቁልፍ ጀርባ ብቻ ከሆነ ማረፊያው ዝቅ ብሏል። ሐዲዱ እንደ መንገድ ረዝሞ ከታየ ከፍ ብሏል። ለትራፕ የሚፈለገው መሐለኛዋና የፊተኛዋ ዶቃ እንደ 8 ቁጥር አንዷ ባንዷ ላይ ተቀምጠው ሲታዩ ነው። በልኬት ሲነገር ከሐዲዱ መስመር እስከ ማረፊያው ፊት 35 እስከ 38 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የአደን ሰደፍ ወደ ኋላ 60 ሚሊ ሜትር ድረስ ያሽቆለቁላል፤ በትራፕ ሰደፍ ላይ ይህ ቁልቁለት ትንሽ ነው፣ አንዳንዱም ከሐዲዱ ጋር ትይዩ ነው።

ዝቅ ላለ ማረፊያ ወዲያው አዲስ እንጨት አታሠሩ። ከመርካቶ የሚገኝ 1.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ለስላሳ ቆዳ ግዙ። 12 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና 4 ሴንቲ ሜትር ስፋት አድርጋችሁ ቁረጡት፣ ጠርዙን በስለት ሸርፉት፣ ጉንጭ በሚያርፍበት ላይ አስቀምጣችሁ በጨርቅ ስኮች ጠቅልሉት። አንድ ንብርብር ጨምሩና ዶቃዎቹን እዩ፣ ካልበቃ ሌላ ጨምሩ። ኮላ አይነካውም፤ ነገ ይነሣ ይሆናል። የስኮቹ ጫፍ ወደ ጉንጭ በኩል እንዳይመጣ፤ ላብ ሲነካው ይነሣና ፊት ይፍቃል።

በክፍል ውስጥ የታየው በወረቀት ካልተመሰከረ አያበቃም። በተፈቀደው ቦታ 1 ሜትር በ1.2 ሜትር የሆነ ወረቀት በእንጨት ፍሬም ላይ ወጥሩ፣ መሐሉ ላይ የቡና ሲኒ አፍ የምታህል ክብ አጥቁሩ፣ 15 ሜትር ቁጠሩ። ጠባቡን ቾክ፣ አፈሙዙን ጫፉ ላይ አጥብቦ እርሳሱ እንዳይበታተን የሚያደርገውን፣ ግጠሙ። ክቡን እያያችሁ መሣሪያውን አንሡና ሳትዘገዩ ተኩሱ፤ ማነጣጠር ከጀመራችሁ ሰደፉን ሳይሆን ጥንቃቄያችሁን ነው የምትለኩት። በአንዱ ወረቀት ላይ አምስት ጥይት ይተኮስና በጣም የተበሳው ቦታ መሐሉ ይፈለግ። ከክቡ መሐል ከ3 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ከፍ ካለ ለትራፕ ትክክል ነው፤ ሸክላው ሽቅብ ስለሚሄድ ከአፈሙዙ በላይ እያያችሁት ትመታላችሁ፣ በአፈሙዝ አትሸፍኑትም። ዝቅ ካለ አንድ ንብርብር ቆዳ ጨምሩ። አንድ ንብርብር፣ ማለትም 1.5 ሚሊ ሜትር፣ በ15 ሜትር ላይ 2.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ያነሣል። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ ከዓይን እስከ አፈሙዝ ጫፍ አንድ ሜትር ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል፣ ስለዚህ ዓይን ላይ የመጣ ለውጥ በ15 ሜትር 16 እጥፍ ገደማ ይሆናል። ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ካደላ ደግሞ ሰደፉ ወደ ጎን መታጠፍ አለበት ማለት ነው። ቀኝ ለሆነ ሰው ሰደፉ ወደ ቀኝ ከ3 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ይታጠፋል፤ ይህን በቆዳ አትሞክሩት፣ ለባለ ሙያ የሚሰጥ ሥራ ነው።

ከጥቂት ዙር በኋላ ሰውነታችሁ ራሱ ይናገራል። ጉንጭ አጥንት ከበለዘ ማረፊያው በጣም ያሽቆለቁላል፤ በግፊቱ ወደ ኋላ ሲመጣ ከፍተኛው ክፍሉ ፊትን ያገኛል። የመሐል ጣት ጀርባ ካበጠ ሰደፉ አጥሯል ወይም የእጅ አያያዙ ላልቷል፣ የምላጭ ቀለበቱ ይመታዋል። ክንድ ላይ ከበለዘ ላስቲኩ ከትከሻ ጉድጓድ ውጭ እየተቀመጠ ነው፣ መንሥኤውም ብዙ ጊዜ ርዝመቱ ነው። የላስቲኩ የታችኛው ጫፍ ደረት ላይ ከወጋ ደግሞ የላስቲኩ ማዘንበል ነው፤ በተለይ ሴቶች ይህን ችላ ተብለው «ትለምጂዋለሽ» ሲባሉ እሰማለሁ። አይለመድም። የታችኛው ጫፍ ወደ ውጭ ዘንበል ተደርጎ ይቆረጥ። ማዘንበሉን ለማየት መሣሪያውን በላስቲኩ ቀጥ አድርጋችሁ ወለል ላይ አቁሙት፣ ጀርባውን ግድግዳ አስነኩት፣ አፈሙዙ ጫፍ ከግድግዳው ስንት እንደራቀ ለኩ። ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር የተለመደ ነው።

እንጨት የሚቆረጠው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። በዙሪያችን በርና አልጋ የሚሠሩ ጎበዝ አናጺዎች አሉ፤ ሰደፍ መቁረጥ አያቅታቸውም። ግን መሣሪያውን አንሥታችሁ እንዳትሄዱ፤ ሰደፉን ብቻ። ላስቲኩን ፈታችሁ በውስጡ ባለው ረጅም ቀዳዳ ረጅም ካቻቪቴ ወይም የቡሎን ቁልፍ አስገብታችሁ ሰደፉን ንቀሉ። የሚቆረጠውን መስመር ዙሪያውን ስኮች አልብሱት፣ እንጨቱ እንዳይፈለጥ። ጥርሱ ደቃቅ የሆነ መጋዝ ይሁን፣ ሞርሳው ላይ ሲታሰር በጨርቅ ተጠቅልሎ። ላስቲኩ 20 ሚሊ ሜትር ከሆነ የሚቀረው እንጨት ከምትፈልጉት ርዝመት 20 ሚሊ ሜትር ያነሰ ይሁን፤ ይህን ረስቶ ሙሉውን የቆረጠ አናጺ ሰደፉን ያረዝማል እንጂ አያሳጥርም። ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ ባንዴ አይቆረጥ። የተቆረጠውን ፊት በብርጭቆ ወረቀት አልስልሳችሁ የእንጨት ዘይት አጠጡት፤ ሳይቀባ የቀረ ፊት በክረምት ውሃ ይመጥጣል።

የመጀመሪያው ሸክላ መሐለኛው ቦታ ላይ፣ ማሽኑ ቀጥ ብሎ ፊት ለፊት እንዲወረውር ተደርጎ ይሁን። አንድ ዙር በቂ ነው፤ ሁለተኛው ዙር ላይ ክንድ ይደክማል፣ የደከመ ክንድ ጭንቅላትን ያስነሣል። ጭንቅላት ከተነሣ ዓይኑ ተነሣ፣ የኋላ ማነጣጠሪያው ተነሣ ማለት ነው፤ እርሳሱ በሸክላው ላይ ያልፋል። ስለ ቾክ ደግሞ ከቆላ የመጣ ምክር እዚህ አይሠራም። ከ2,500 ሜትር በላይ አየሩ ከባሕር ጠለሉ በሩብ ያህል የሳሳ ስለሆነ እርሳሱ ፍጥነቱን ይበልጥ ይዞ ይሄዳል፣ ሳይበታተንም ይቆያል። ሙሉ ቾክ የሚባለው ጠባቡ እዚህ ለጀማሪ ከመጠን በላይ ይጠብበታል። በግማሽ የጠበበው፣ ማለትም 0.5 ሚሊ ሜትር የሚያጠበው፣ ስህተትን ይሸፍናል። ሸክላውም በዚህ አየር ስለሚርቅ የማሽኑ ሞላ በመጽሐፉ ሳይሆን በሜትር ተለክቶ ይስተካከል። የጆሮ መሸፈኛና መነጽር ለተመልካችም ግዴታ ነው፤ ለሰማዩ ደመና ቢጫ መስታወት ሸክላውን ያጎላዋል።

መሣሪያው በክረምት በናይሎን ከረጢት አይቀመጥ፤ እርጥበቱን ያፍናል፣ ዝገት በአንድ ሳምንት ይጀምራል። ከተኩስ በኋላ ውስጡ ይወልወል፣ ውጪው በቀጭን ዘይት ይታበስ፣ ዘይቱ ወደ ሰደፉ ራስ እንዳይወርድ አፈሙዙ ወደ ታች ተደርጎ ይደር። ታኅሣሥና ጥር ላይ ደግሞ እንጨቱ ይደርቅና ይሸሻል። ሰደፉን የሚይዘውን ቡሎን በዚያ ወቅት አንድ ጊዜ ጥበቅ አድርጉት፤ የላላ ሰደፍ በግፊቱ ራሱን ይሰነጥቃል፣ ስንጥቁም የሚጀምረው እጅ ከሚይዘው ቀጭን ቦታ ነው።